ከዐሥራ ስድስት አንዱ

ልመንህ ንፋስ መውጫ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምር ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኙ ዓመት ተማሪ ሳያንቀላፋ የሚሰማው አንድ ትምህርት ቢኖር በቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ፈሳሽ የሚያስተምረው ነበር፤ እሱም ለፊዚክስ ፍቅር ሳይሆን መምህሩ በዚያ ዕለት ስለ አባቱ ስለሚያወራ ነው። አባቱ አያ ደምሌ የሾላ ምንጭ የውሃ አባት ናቸው። በበጋ ከምንጩ የተጠለፈውን ውሃ ለሠላሳ አራት አባወራ በተራ ያከፋፍላሉ፤ የማን ማሳ መቼ ጠጥቶ መቼ እንደሚበቃው በጥላ ርዝመት ይለካሉ፤ የቦዩን አፍ በድንጋይና በጭቃ ያጠቡታል፣ ያሰፉታል። ፊደል አልቆጠሩም። የቦይ አፍ ሲጠብ ውሃው እንደሚፈጥን ግን ለልመንህ በስድስት ዓመቱ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሲነግሩት "ይህንንማ አባቴም ያውቁታል" ብሎ ጓደኞቹን አስቋል።

የየካቲት ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹን ከውሃ ወደ ደም አሻገራቸው። ነገር በምሳሌ እንዲሉ፣ ልብን ምንጭ፣ የደም ሥርን ቦይ፣ ሥጋን ማሳ አድርጎ ሰሌዳው ላይ ሣለ። "ግፊቱ ሳይለወጥ የደም ሥሩ ሬዲየስ በግማሽ ቢጠብ የሚያልፈው ደም ስንት ይሆናል?" አለ። ክፍሉ በአንድ አፍ "ግማሽ" አለ። ልመንህ ይህችን ቅጽበት ይወዳታል። ጠመኔውን አንሥቶ ግማሽን በግማሽ አራት ጊዜ አባዛና ከመልሱ ሥር ሁለት መስመር አሰመረ። "ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ።"

ከኋላ ወንበር ሜሮን የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የቀሩት ዐሥራ አምስቱ የት ይሄዳሉ?"

"ወደ ማሳው አይደርሱም።"

"እሺ፣ ማሳውስ?"

ደወል ተደወለ። ልመንህ "እሱን በሚቀጥለው እናየዋለን" አለና የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ። ጥሩ አስተምሬያለሁ ብሎ ደስ ብሎት ወጣ።

በዚያው ሐሙስ ሾላ ምንጭ ላይ የቦይ ጠረጋ ነበር። ደንቡ ከየቤቱ አንድ ጉልበት ነው። የውሃ አባት ቤትም አይማርም፤ የሱ ሰው ቀርቶ በማን ላይ ሊያዝ ነው? አያ ደምሌ ወገባቸው እንቢ ካላቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ልመንህ ላኩ። ልመንህ "ክፍል ትቼ አልመጣም" አለ። ቀጥለው ወደ ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ትምህርት ቤት፣ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ቀለመ ወርቅ ላኩ። ቀለመ ወርቅ "እሺ" አለ። ከእሺ ሌላ መልስ መኖሩን የሰማ የማይመስል ልጅ ነው።

ልጅ ይባል እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዲያቆን ነው፣ የድጓ ተማሪ ነው። ለምስክር፣ ለመጨረሻው ፈተና፣ የሚቀርብ ተማሪ የራሱን ድጓ በራሱ እጅ ጽፎ ይቀርባል፤ ቀለመ ወርቅም ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ ከርሞ ከፋሲካው ክፍል ዐሥራ አራት ቅጠል ቀርቶታል። ፊደሉስ ምንም አይደለም ይላል፤ ሰውን የሚፈትነው ከፊደሉ ራስ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቀውን የዜማ ምልክት መትከል ነው። ለዚያ የሚታዘዝ ጣት ያስፈልጋል። ጣቴ ከታዘዘልኝ ለፋሲካ እጨርሳለሁ ብሎ ለአባቱ ነግሯቸው ነበር።

ዐሥር ሰዓት ገደማ የጠለፋው ድንጋይ ሲነሣ አንዱ ተንከባለለ። ቀለመ ወርቅ ሊያመልጥ ሲል ወደቀ፤ ድንጋዩም መጥቶ ቀኝ ክንዱ ላይ ዐረፈ። ከክርኑ በታች ሁለቱም አጥንት ተሰበረ።

ወጌሻው አያ አምሳሉ ተጠሩ። በዚያ አገር የሳቸው እጅ ያልዳሰሰው ክንድና ቁርጭምጭሚት የለም፤ ልመንህንም በልጅነቱ ወለም ሲለው ያሹት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ከአሁኑ ይነገር። አጥንቱን ስበው ገጠሙት፤ ዙሪያውን በቀርከሃ ስንጣሪ ደገፉት፤ በላዩ ውሃ ውስጥ የዋለ ርጥብ ጠፍር ጠመጠሙበት። ሌላ ጊዜ በጨርቅ ነው የሚያስሩ። የዚህ ልጅ እጅ ግን የመጽሐፍ እጅ ነውና ጠማማ ሆኖ እንዳይገጥም ሰጉ፤ ጠፍር ሲደርቅ ይነክሳል፣ አጥንት አያወላግድም ብለው እሱን መረጡ። ስለወደዱት ነው ያጠበቁበት።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ። "እኔ ግን ተቀምጬ ነው ያሰርኩት። በሰባተኛው ቀን እኔው እፈታዋለሁ። እስከዚያ የማንም እጅ እንዳይነካው፤ ግዝት ነው።" በማግሥቱ ማለዳ ለአማታቸው ተዝካር ወደ ስማዳ ወረዱ።

አርብ ጠዋት እህል ይዞ ንፋስ መውጫ የመጣ ጎረቤት ለልመንህ ነገረው። "ወንድምህ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። አያ አምሳሉ አስረውታል፤ ደኅና ነው።" ልመንህ አስፈቅዶ ወጣ። ጠጠር መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ ሄደ፤ የቀረውን በእግሩ ገሠገሠና ዐምስት ሰዓት ላይ ደረሰ።

ቀለመ ወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እንዲያም ሆኖ ታላቁን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ።

"ጋሼ፣ ክፍል ትተህ መጣህ?"

ክፉ ነገር አስቦ አልነበረም የጠየቀው። ልመንህ ግን ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

እጁን አየው። ጣቶቹ አብጠው ከጠፍሩ ጫፍ ወጥተዋል፤ ጠይም የነበሩ፣ አሁን የነጡ፣ ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊ የሄደ ጣቶች ናቸው። ነካቸው፤ ይቀዘቅዛሉ። መሐል ጣቱን ቀስ ብሎ ሊያቃናው ሲሞክር ቀለመ ወርቅ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። "አጥንት ሲገጥም ያማል ብለዋል" አለ፣ ታላቁን እያጽናና። ልመንህ በጠፍሩና በቆዳው መካከል ጥፍሩን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ጠፍሩ ደርቆ እንጨት ሆኗል።

መምህር ነውና ያደረገው መምህር የሚያደርገውን ነው። ስልኩን አወጣና ሰከንድ መቁጠሪያውን ከፈተ። የግራ እጁን አውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ የነጣው ጥፍር ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀላ። የቀኙን ጫን አድርጎ ለቀቀው። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ደገመው፤ ዐሥራ ሁለት።

የትናንቱን ትምህርት ያዘጋጀበትን ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ አጥሩ ሥር ቁጭ አለና ያሰላ ጀመር። የደም ሥሩ በግማሽ ጠቦ ከሆነ ከዐሥራ ስድስት አንድ። ሲሶው ብቻ ቀርቶ ከሆነ ከሰማንያ አንድ አንድ። ትናንት ማታ ጠፍሩ ርጥብ ሳለ ስንት ነበር? አሁንስ? ሲመሽስ? ፀሐዩ የየካቲት ነው፤ ጠፍሩ ገና እየደረቀ ነው። ክንዱም ከውስጥ እያበጠ ነው። ሬዲየሱን አያውቀውም፣ ግፊቱን አያውቀውም፤ ያለው ቀመሩ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ከሞላው ውስጥ ለሰው የሚነገር አንድ ነገር ቢገኝ፣ የወንድሙ እጅ ከዐሥራ ስድስት አንድና ከሰማንያ አንድ አንድ መካከል አንድ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ሥጋ በዚያ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ደግሞ ቀመሩ ውስጥ የለም። "ማሳውስ?" ያለችው ልጅ ትዝ አለችው።

ደብተሩን ይዞ ወደ አባቱ ሄደ።

"አባባ፣ ይህ ነገር መፈታት አለበት።"

"ማን ይፈታዋል?"

"እኔ።"

አያ ደምሌ አልተቆጡም። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አመለከቱትና ተቀመጠ። ልመንህ አስረዳቸው፤ በሳቸው ቋንቋ፣ በቦይና በምንጭ። የውሃ ነገር ሲነገር ጆሮ የሚነፍጉ ሰው አይደሉም፤ እስኪጨርስ ድረስ ሰሙት።

"አፉ ጠቧል ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"አፉ ሲጠብ ውሃው ምን ይሆናል?"

ልመንህ የሚመጣውን አውቆ ደብተሩን አገላበጠ።

"ተናገር እንጂ። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?"

"ይፈጥናል።"

"እኮ።"

"ይፈጥናል አባባ፤ ግን የሚደርሰው ያንሳል። ቦይ ላይ ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና ይገፋል። እዚህ ግን..."

"ስንት ይደርሳል አልከኝ?"

"ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅ። ምናልባትም ከዚያ በጣም ያነሰ።"

አያ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅማ ብዙ ነው። በሰባ ሰባት ሾላ ምንጭ ከዚያ ያነሰ ነበር የሚያመጣ። በሱ አይደለም ወይ ይህ ሁሉ ቤት የተረፈ? የመጨረሻው ማሳ ተራው እስኪደርስ ስምንት ቀን ይጠብቃል። ይጠወልጋል እንጂ አይሞትም። ውሃ ሲያገኝ ቀና ይላል።"

"ሥጋ ማሳ አይደለም፣ አባባ።"

"አንተ ነህ ማሳ ነው ያልከኝ።"

እውነት ነው፤ እሱ ነው ያላቸው። አሁን ምሳሌውን ከአባቱ እጅ መልሶ መንጠቁ ከመስጠቱ ቢከብድ አይገርምም።

"እሺ፣ ማሳ ካልሆነ" አሉ አያ ደምሌ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስንት ቀን ይታገሣል? ንገረኝ። ሁለት ቀን ካልከኝ እሑድ አምሳሉ ይመለሳል። ግማሽ ቀን ካልከኝ አሁን ተነሥተን እንፈታዋለን፤ ኃጢአቱ በእኔ።"

ልመንህ ዕድሜውን ሙሉ የተማረው ትምህርት ለዚህች ጥያቄ አልበቃም። መዋሸት ይችል ነበር። ግማሽ ቀን ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ኋላ ላይ እንቅልፍ ነሥቶታል። ግን አባቱ ፊት ቁጥር ዋሽቶ አያውቅም።

"አላውቅም" አለ።

"የማታውቀውን ይዘህ ነው ግዝት የምታፈርስ?"

ወደ ቤት ተመልሶ ወንድሙን ለመነው። "አንተ ራስህ እሺ በለኝና ልፍታው።" እሺ ማለት ብቻ የሚያውቀው ልጅ በዚያ ቀን እንቢ አለ። "ግዝት ነው ጋሼ፤ እኔ ዲያቆን ነኝ። ደግሞ አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ከገጠመ ምልክት መትከያ ጣት የለኝም። ዐሥራ አራት ቅጠል ነው የቀረኝ። ስድስት ቀን መታገሥ ያቅተኛል?" ልመንህ የጠፍሩን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ። እንደገና አሰበ፤ ብፈታውና አጥንቱ ቢወላግድስ? ደህና የነበረውን እጅ ያበላሸሁት እኔ ብሆንስ? ቋጠሮውን ለቀቀው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ኮረብታው ላይ መውጣት ነው። ኔትወርክ ከዚያ ላይ አንዳንዴ ይገኛል። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ዞረ፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ሲመለስ ጠፍሩ ላይ ውሃ ልጨምርበትና ይለስልስ ብሎ ነበር፤ አባቱ "አትንካው" አሉ። እንደገና ጥፍሩን ጫን አድርጎ ቆጠረ። ሃያ ሁለት ሰከንድ። ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለመ ወርቅ "አሁን አያመኝም" ብሎ ተነሣ።

ቤቱ በደስታ ሞላ። አያ ደምሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። "ሂሳብህስ ምን ይላል፣ መምህር?" አሉት፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታቸው ነበር። ልመንህም ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን መሳሳቱን ወዶት አያውቅም። ቀለመ ወርቅ ቁርሱን በግራ እጁ በላ፤ እጁ ቀለል እንዳለው፣ እንዲያውም የሌለ ያህል እንደሆነለት ተናገረ። "የሌለ ያህል" ሲል ማንም ልብ አላለም።

ልመንህ የምሥራች ለመናገር ነው ኮረብታው ላይ የወጣው። ኔትወርክ ገባ። ኢየሩሳሌም ጋ ደወለ፤ ኢየሩሳሌም ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጤና መኮንን ናት፤ በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ነገሩን ከመነሻው ነግሯት "ግን ዛሬ ሕመሙ ለቆታል፤ ተመስገን" ብሎ ጨረሰ።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎት "ሃሎ" አለ።

"ጣቱን ያንቀሳቅሳል?"

"ዛሬ... አላየሁም።"

"ስትነካው ይሰማዋል?"

"የሌለ ያህል ነው ይላል።"

"ልመንህ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ "ሕመም የሚሰማው ሥጋ ሲኖር ነው። አሁኑኑ ፍታውና ወደ ደብረ ታቦር ውሰደው። ማንንም አትጠይቅ።"

"ስንት ሰዓት ነው የሚታገሠው?"

"ስድስት። ቢበዛ ስምንት።"

ሐሙስ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የታሰረ ነው። መደመር አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ደመረ። አርብ እሱ ሲደርስ ዐሥራ ሰባት ሰዓት አልፎታል። አሁን ወደ አርባ ይጠጋል።

ቁልቁለቱን ሲሮጥ የንስሐ አባታቸው መምሬ ምስጋናው ከቅዳሴ ወጥተው በመቋሚያቸው እያዘገሙ ሲመጡ አገኛቸው። ለምን ለሳቸው እንደነገራቸው አያውቅም፤ ምናልባት መንገዱ ላይ ስለቆሙ ነው። መምሬ ምስጋናው እየሰሙ አብረውት ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ።

"ግዝቱ ነው ያገዳችሁ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"የሰው ግዝት ካህን ያነሣዋል። ነፍስ የሚጎዳ ግዝትማ ግዝትም አይደል። ታዲያ ትናንት ለምን አልመጣህም? እዚሁ ነበርኩ።"

ልመንህ ትናንት ሲያሰላ ነበር የዋለው። ከአባቱ ጋር በውሃ ተከራከረ፣ ኮረብታ ወጣ፣ ሰማይ ላይ ኔትወርክ ፈለገ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከቤታቸው ሲጣሩ የሚሰማበት ቦታ ነው። የተማረ ሰው የቀረበውን በር አያንኳኳም።

መምሬ ምስጋናው በመስቀላቸው ቀለመ ወርቅን ባርከው ግዝቱን አነሡ። ሦስት ቃል አይሞላም። አያ ደምሌ አልተቃወሙም፤ የመምሬን ፊት አይተው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ጠፍሩ በእጅ የሚፈታ አልነበረም፤ ልመንህ በቢላዋ እንደ እንጨት ገዘገዘው። ሲበጠስ ቀርከሃው ተበተነ። ከሥሩ ያለው ክንድ የጠፍሩን መስመር ይዞ ቀርቷል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ጠቁሯል። ቀለመ ወርቅ ሌላ ሰው ላይ የሚሆን ነገር የሚያይ ይመስል በጸጥታ ያያል።

ልመንህ ጥፍሩን ጫን አድርጎ ለቀቀው። መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ አለ። ስልሳ አለ።

"ቆይ፣ ታገሥ" አሉ አያ ደምሌ። አጎንብሰው የልጃቸውን ጣቶች እያዩ ነው። "አፉ ሲከፈት ወዲያው አይደርስም። የሩቅ ማሳ ነው። ቦዩ ራሱ መጀመሪያ ይጠጣል፤ ከዚያ ነው ወደ ማሳ የሚያልፈው።"

ልመንህ መቶ ቆጠረ፤ መቶ ሃያ ቆጠረ። ሁሉም አብረው ጠበቁ፤ መምሬም ጠበቁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላል ያገራችን ሰው፤ ልመንህ ያን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቶ ስንት ጊዜ እንደሳቀበት አሰበ። መቶ ሰማንያ ላይ ቁጥሩን ተወው።

በበቅሎ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ አባትና ሁለቱ ልጆች ሲመሽ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገቡ። እሑድ ጠዋት ሐኪሙ መጣ፤ ገና ወጣት ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ከኪሱ የደም ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። "እናዳምጥ" አለና መጀመሪያ የቀለመ ወርቅን ግራ እጅ አንጓ ላይ አስቀመጣት። ክፍሉ ውስጥ ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ ተሰማ።

አያ ደምሌ ቀና አሉ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ደሙ ነው አባባ፤ ሲፈስ።"

አዳመጡ። ስልሳ ዓመት ውሃ ያዳመጡ ሰው ናቸው፤ ሌሊት ከመኝታቸው ሆነው የማን ቦይ እንደተሰበረ በድምፁ የሚያውቁ። "ሙሉ ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ደህና ሙሉ ነው።"

ሐኪሙ መሣሪያዋን ወደ ቀኙ አዛወረ። አንጓው ላይ አስቀመጣት፤ ከአንጓው ከፍ አደረጋት፤ ወደ ጎን አዞራት። ዝም። ድምፅ መጨመሪያዋን ከፍ አደረገው፤ የማሽኑ የራሱ ጩኸት ብቻ ተሰማ። ከክርኑ በታች ስትደርስ ሹው አለች፤ አንድ ጣት ዝቅ ሲያደርጋት እንደገና ዝም። ሐኪሙ እዚያች ቦታ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አደረገ።

"ከዚህ በታች?" አሉ አያ ደምሌ።

"ከዚህ በታች ምንም የለም፣ አባት።"

"ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅም?"

ሐኪሙ አልገባውምና ልመንህን አየው። ልመንህ መልስ መስጠት የሱ ተራ መሆኑን አወቀ። "አይ፣ አባባ" አለ። አያ ደምሌ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ካሁን በኋላ አይጠይቁም፤ ውሃ ሲኖርና ሳይኖር ያውቃሉ።

ሐኪሙ ያለውን አለ። እጁ ካልተቆረጠ የሞተው ሥጋ መርዝ ወደ ልብ ይሄዳል፤ ዛሬ መሆን አለበት። ቀለመ ወርቅ ጨርሶ ሰማው። ከዚያ ወደ ልመንህ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ አርብ ብትፈታው ኖሮ ይተርፍ ነበር?" አለው። ልመንህ ተንበርክኮ እግሩ ላይ ወደቀ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ልቅሶ ነው። ቀለመ ወርቅ ግራ እጁን ራሱ ላይ አደረገለት። "ተው። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩህ" አለው።

ነርሷ የፈቃድ ወረቀቱን ይዛ መጣች። አያ ደምሌ ተነሡ፤ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። "እኔ ልፈርም። እንዳይፈታ ያልኩ እኔ ነኝ።"

"እሱ ዕድሜው ደርሷል አባቴ፤ ራሱ ነው የሚፈርም" አለች። ለቀለመ ወርቅ እስክርቢቶ ሰጠችው። በግራ እጁ ተቀበላት፤ እንዴት እንደሚይዛት ቸገረው። ወረቀቱ ላይ አሳርፎ አንድ መስመር ሊጀምር ሞከረ፤ ፊደል አልሆነም። ስሙን ለመጻፍ ሁለተኛ ሲሞክር ወረቀቱ ተቀደደ። ነርሷ ሌላ ወረቀት አመጣች፤ ከሱም ጋር የማኅተም ቀለም የያዘች ክፍት ሣጥን። አጠገቡ አስቀመጠችለት።

ሦስት ዓመት ድጓ የጻፈ ሰው ቀለሙን አየው። አሻራ አድርጎ አያውቅም። በቤታቸው አሻራ የሚያደርጉት አባቱ ናቸው፤ የግብሩን፣ የመሬቱን፣ የውሃውን ስብሰባ ሁሉ በአውራ ጣታቸው ነው የሚፈርሙት።

አያ ደምሌ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። የልጃቸውን ግራ አውራ ጣት በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ቀለሙን አስነኩት፤ ወደ ወረቀቱ ወሰዱት።

"ቀስ አድርገህ አሳርፈው" አሉት። "አትጫነው፣ ልጄ። ከተጫንከው ይጠፋል።"

"እሺ" አለ ቀለመ ወርቅ።